የሰሙ መንግሥታት፣ የጠየቁ ሕዝቦች

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቅጽር ወጥቶ ወደ ደቡብ ቁልቁል የተመለከተ ሰው፣ ከተማዋ ከመጀመሯ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው በየካ ጫካማ ግቢዎች ላይ ነው። ከነዚህ አንዱ የፈረንሳይ ኤምባሲ፣ ሌላው የእንግሊዝ ኤምባሲ ነው። ሁለቱም አፄ ምኒልክ ለለጋሲዮን በሰጡት መሬት ላይ ዛሬም አሉ፤ የመጀመሪያውማ ለሰፈሩ ጭምር ስሙን አውርሶ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» አሰኝቶታል። ወደ ምዕራብ ጥቂት ሲታለፍ ስድስት ኪሎ ይገኛል፤ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በሮዶልፎ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚህ ግቢ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለሦስት ቀናት የወረደው መዓት፣ የጎጆዎቹ ቃጠሎና የሰዉ እልቂት፣ ከሁለቱ ለጋሲዮኖች አጥር ብዙ ሳይርቅ የሆነ ነው።

የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከድሉ በኋላ ያቀረበው 30,000 ሲሆን፣ ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጥናት ወደ 19,000 ይገምተዋል። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የውጭ መንግሥታት በጊዜው ምን ያውቁ ነበር? መልሱ አጭር ነው፤ ያውቁ ነበር። በአዲስ አበባ የነበሩት የእንግሊዝና የአሜሪካ ወኪሎች ያዩትንና የሰሙትን በዚያው ሰሞን ለየዋና ከተማቸው አስታውቀዋል። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ በለንደን ፓርላማ ጥያቄ ሆኖ ተነሣ። በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 1938፣ እንግሊዝ ከሙሶሊኒ ጋር ስምምነት ፈረመች፤ ስምምነቱ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሲጸና ኢትዮጵያ የኢጣልያ ግዛት መሆኗን በይፋ ተቀበለች። ይህን ሁሉ ያደረገችው እያወቀች ነው።

በሩቅ ሀገር የሚፈጸም ጭፍጨፋ የሚቀጥለው ዓለም ስላልሰማ ነው፣ ስለዚህም ማሰማት ብቻ ይበቃል የሚለው እምነት ዛሬም በሰልፍና በመግለጫ ሁሉ ይንጸባረቃል። የኢትዮጵያ ታሪክ ግን ይህን እምነት አይደግፍም። መረጃ መንግሥትን አያንቀሳቅሰውም። መንግሥት የሚንቀሳቀሰው ዝም ማለት ዋጋ የሚያስከፍለው ሆኖ ሲያገኘው ነው፤ ያንን ዋጋ ሊያስከፍለው የሚችለው ደግሞ በአብዛኛው የራሱ ሕዝብ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ይህ ሲሠራም፣ ሳይሠራ ሲቀርም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1935 የመጀመሪያዎቹ ወራት፣ የኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል እየተራገፈ ሳለ፣ የመንግሥታት ማኅበርን የሚደግፉ የእንግሊዝ ማኅበራት ቤት ለቤት እየዞሩ የሕዝብ ድምፅ ይሰበስቡ ነበር። ሥራው የመንግሥት አልነበረም፤ ወረቀቱን ከበር ወደ በር ያዞሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በጁን ወር ውጤቱ ሲነገር ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው መልስ ሰጥቶ ተገኘ። ከነዚህ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ወራሪ መንግሥት በኢኮኖሚ ማዕቀብ ይቀጣ ብለዋል፤ ከ6 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ደግሞ ካስፈለገ በጦር ኃይልም ይገታ ብለዋል። የስታንሊ ባልድዊን ፓርቲ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይቶ፣ በኖቬምበሩ ምርጫ ለመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን እታመናለሁ ብሎ ቀሰቀሰ፤ አሸነፈም። ወር ሳይሞላው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ጋር ፓሪስ ላይ ተገናኝቶ ኢትዮጵያን የሚሸነሽን ሐሳብ ላይ ተስማማ። ከትግራይና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለኢጣልያ ይሰጣል፤ ደቡቡ የኢጣልያ የኢኮኖሚ ክልል ይሆናል፤ ለኢትዮጵያ ወደ ባሕር የሚያወጣ አንድ ቀጭን መተላለፊያ ይተውላታል። አንድ ትልቅ የለንደን ጋዜጣ መተላለፊያውን የግመል መንገድ ሲል ተሳልቆበታል።

ሐሳቡ በፈረንሳይ ጋዜጦች ሾልኮ ወጣ። የእንግሊዝ መራጭ በደብዳቤ እንደራሴዎቹን ወጥሮ ያዘ፤ የገዥው ፓርቲ አባላት ሳይቀሩ ተነሡ። ዲሴምበር 18 ቀን ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በጃንዋሪ የላቫል መንግሥትም ወደቀ። የሁለት ኃያላን መንግሥታት ውል በአሥር ቀን ያህል ውስጥ ፈረሰ ማለት ነው። እንግሊዛውያን በዚያ ወር ከቀድሞው ይልቅ ለኢትዮጵያ ስላዘኑ አይደለም። በእጃቸው የሚጨበጥ ነገር ነበር፤ ገና ቀለሙ ያልደረቀ የምርጫ ቃል፣ ያንን ቃል የሚያፈርስ ሰነድ፣ በሰነዱ ላይ የሠፈረ የአንድ ሚኒስትር ስም። የተጠየቀውም አንድና ግልጽ ነበር፤ ውሉ ይቅር።

ያው ሕዝብ ግን ነዳጅ እንዲታገድ ሊያስደርግ አልቻለም። ከኖቬምበር 18 ጀምሮ በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ነዳጅን፣ የድንጋይ ከሰልንና ብረትን የዘለለ ነበር፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። ከዲሴምበር ወዲህ ደግሞ የመርዝ ጋዝ ይወርድ ጀመር። በድምፅ መስጫው ላይ «የኢኮኖሚ ርምጃ» ብሎ የጠየቀው ወረቀት ምን ዓይነት ርምጃ እንደሆነ አልዘረዘረም፤ መንግሥትም በዚህ ክፍተት ገባ። ማዕቀብ ጠየቃችሁ፣ ይኸው ማዕቀብ አለ። ሕዝቡ አብዛኛው ረክቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የሚያስከፍል ጥያቄ ሳይጠየቅ የማያስከፍል መልስ ተሰጠ ማለት ይቻላል። እንዲያውም የሆርና የላቫል ውል ሲፈርስ በቦታው ምንም አልተተካም፤ ኢትዮጵያ ከክፉ ስምምነት ዳነች እንጂ እርዳታ አላገኘችም። ይህን መካድ ለእነዚያ መልካም ሰዎችም ክብር አይሆንም።

በዚህ ሁሉ መካከል በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ሐኪም ወርቅነህ በሕፃንነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዝ መኮንን ተወስደው በሕንድ ያደጉ፣ በሕክምና ተምረው ሀገራቸውን ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ እንግሊዞችን ከውስጥ የሚያውቃቸው እንደርሳቸው ያለ ኢትዮጵያዊ በዘመኑ ማግኘት ይከብዳል። በየአዳራሹ ተናገሩ፤ ለጋዜጦች ጻፉ፤ ገንዘብ አሰባሰቡ። በእንግሊዝ ሀገር የተማሩት ሁለት ልጆቻቸው፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ ከጥቁር አንበሶች ማኅበር ጋር ዘምተው ነበር። ከየካቲት 12 በኋላ በኢጣልያኖች እጅ ተገደሉ። አባት ለልጆቹ የሚማልደው ልጆቹ ባደጉበት ሀገር መንግሥት ፊት ነበር፤ ያ መንግሥት የልጆቹን ትምህርት ቤት ያውቃል፣ ቋንቋቸውን ይናገራል፣ የሞታቸውንም ዜና ሰምቷል። እውቀት ብቻውን የሚያድን ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁለቱ ይድኑ ነበር።

ከሐኪም ወርቅነህ ጋር በቅርብ የሠራችው ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናት። ለሴቶች የምርጫ መብት ስትታገል ደጋግማ የታሰረች ሴት ስለነበረች፣ መንግሥትን መለመንና መንግሥትን ማስጨነቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማወቅ መምህር አላስፈለጋትም። «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣዋ የመጀመሪያ እትም ቀን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባበት ዕለት። ሌላው ሁሉ ነገሩ አበቃ ባለበት ቀን እርሷ ጀመረች። ጋዜጣው ለሃያ ዓመት ወጣ። ለሚኒስትሮች፣ ለእንደራሴዎች፣ ለጳጳሳት፣ ለጋዜጣ አዘጋጆች የጻፈችው ደብዳቤ ስፍር ቁጥር የለውም፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሹማምንት እንደ አሰልቺ ሴት ይቆጥሯት ነበር። ከምስጋናቸው ይልቅ ይህ መሰልቸት የሥራዋ ማስረጃ ይሆናል።

ጥያቄውን ያነሡት እንግሊዛውያን ብቻ አልነበሩም። ለንደን ውስጥ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ፣ ኤሚ አሽውድ ጋርቬይና ጆርጅ ፓድሞር የኢትዮጵያ ወዳጆችን አደራጅተዋል። በሃርለም ሺዎች ተሰልፈዋል፤ ለመዝመት የተመዘገቡትን የአሜሪካ ሕግ አገዳቸው እንጂ ፈቃደኛ አልጠፋም። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረው ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን በኒው ዮርክ መሠረተ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የሀገሩን ነጻነት ሳያይ፣ በዚያው በአሜሪካ አረፈ። በደቡብ አፍሪካ ወደቦች ጥቁር ሠራተኞች ለኢጣልያ ጦር የሚላከውን ስንቅ አንጭንም ብለው ነበር። የለንደን ድምፅ መስጫ ያልደፈረውን እነርሱ በትከሻቸው ደፍረውታል፤ ዕቃው ሳይጫን መዋሉ ለሠራተኛው የዕለት እንጀራ የሚያስቀር ነገር ነውና።

የሲልቪያ ጋዜጣ ግን እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። ከጅቡቲ በኩል የሚደርሰውን የአርበኞች ዜና ሳያጣራ ያትም ነበር፤ ያልተያዙ ከተሞች እንደተያዙ፣ ያልተደመሰሱ ጦሮች እንደተደመሰሱ የተነገረበት ጊዜ አለ። ይህ ማጋነን ለጠላቶቿ ዱላ ሆናቸው፤ እውነተኛውንም ዘገባ በአንድነት እንዲያጣጥሉት ረዳቸው። በአንጻሩ የሃንጋሪው ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ የየካቲትን ቀናት በዓይኑ ያየውን የጻፈበት ምስክርነት በዚያው ጋዜጣ ወጥቶ እስከ ዛሬ ለታሪክ ጸሐፊዎች ዋና ምንጭ ሆኖ ኖሯል። አንዱ ደንገዝ ያለ የደስታ ወሬ ነበር፤ ሌላው ደረቅ የዓይን ምስክር። ባለፉት ዓመታት ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተንና በለንደን አደባባዮች በየተቃራኒው ወገን ተሰልፈው አንዱ ሌላውን በዘር ማጥፋት ሲከስ ለሰማ ሰው ይህ ልዩነት የትናንት ብቻ አይመስለውም። ቃሉ እንደ ስድብ ሲወረወር፣ ማስረጃ ያለውም ክስ ከስድብ ይቆጠራል።

ቃሉ በ1929 አልነበረም። ራፋኤል ለምኪን የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው፤ ዓለም አቀፉ ስምምነት የጸደቀው በ1948። ግራዚያኒ የተማሩትን ወጣቶች፣ መነኮሳቱን፣ አዝማሪዎቹንና ጠንቋዮቹን እየመረጠ ማስገደሉ በዚህ ትርጉም ሥር ይወድቃል ወይስ አይወድቅም የሚለው የሕግ ክርክር ለሕግ ሰዎች ሊተው ይችላል። እዚህ የሚጠቅመው ሌላ እውነታ ነው፤ ያንን ስምምነት ከዓለም መንግሥታት ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1949፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 24 ቀን 1941 ነው። ከነጻነት በኋላ ስምንት ዓመት ከጥቂት ወራት ያስቆጠረ፣ ግራዚያኒንና ባዶሊዮን ለፍርድ አሳልፋችሁ ስጡኝ ብሎ ጠይቆ ሰሚ ያጣ መንግሥት፣ ሌሎችን የሚጠብቅ ሕግ ሲመጣ የመጀመሪያው አጽዳቂ ለመሆን አላመነታም። በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከላይቤሪያ ጋር ሆኖ ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ጉዳይ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ፣ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ በ1966 ዳኞች እኩል ለእኩል ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ውድቅ ሆነ። ቢሆንም ጋምቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 ማይንማርን፣ ደቡብ አፍሪካ በ2023 መጨረሻ እስራኤልን ስትከስ፣ የሦስተኛ ሀገር መንግሥት ስለ ሌላ ሕዝብ በሔግ መቆም ይችላል የሚለው መንገድ ቀድሞ የተረገጠው በአዲስ አበባና በሞንሮቪያ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን የዘውዱ ሥራ ነው። ሕዝብ ጠይቆ፣ መንግሥት ተጨንቆ የተደረገ አይደለም። ስለ ሌሎች በመንግሥቱ በር የሚቆም የሕዝብ ማኅበር በኢትዮጵያ ሥር ሳይሰድ ቆይቷል፤ ምክንያቱም የሚታወቅ ነው። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. በኢጣልያ ለግራዚያኒ የተሠራውን መታሰቢያ ለመቃወም አዲስ አበባ ላይ የወጡ ሰዎች ፖሊስ ይዞ አሰራቸው። ጉዳዩ ከማንም ፖለቲካ ይልቅ የየካቲት 12 ሰማዕታት ጉዳይ ነበር፤ ተቃውሞውም የሀገሪቱን መንግሥት አልነካም። ያም ሆኖ ሰልፍ ሰልፍ ነው ተባለ። በሕጉ በኩል፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከመቶ አሥር በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሠማሩ ከልክሎ ነበር፤ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 30 የመሰብሰብን፣ የመሰለፍንና አቤቱታ የማቅረብን መብት ይዟል። አቤቱታ የሚለው ቃል ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደለም፤ ከቤተ መንግሥት በር «አቤት» ማለት ከአዋጆቹ ሁሉ የሚቀድም ልማድ ነው። ልማዱ ግን ስለራስ በደል ነው፤ ስለ ጎረቤት ሕዝብ ደም «አቤት» የሚል አልተለመደም።

እዚህ ላይ የሚነሣው መቃወሚያ ይታወቃል፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። በሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ወዲህ በአማራና በሌሎች ክልሎች ስንት ደም ፈስሶ እያለ፣ ስለ ሌላ ሀገር መጮህ ቅንጦት ነው ይባላል። መቃወሚያው ክብደት አለው። ግን በ1935 እንግሊዝ ውስጥም ሥራ አጥ የሞላ ነበር፤ የሃርለሞቹ ሰልፈኞች በራሳቸው ሀገር ተሰቅለው ከሚገደሉት ወገን ነበሩ። ስለ ሩቅ ሰው መጠየቅ የቻለ ሰው ስለ ቅርቡም ለመጠየቅ አንደበቱ የተፈታ ይሆናል፤ ስለ ኢትዮጵያ የጮኹት ጄምስና ፓድሞር በኋላ የአፍሪካ ነጻነት ትግል ዋና ሰዎች የሆኑት በዚያው አንደበት ነው።

ለኢትዮጵያ ሩቅ ያልሆነው ጉዳይ ሱዳን ነው። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ በዚያ በተነሣው ጦርነት፣ በምዕራብ ዳርፉር በኤል ጄኔይና የማሳሊት ሕዝብ በማንነቱ እየተመረጠ ተገድሏል፤ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ድርጊቱን ዘር ማጥፋት ብሎ ሰይሞታል። በጥቅምት 2018 ኤል ፋሸር በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ስትወድቅ የተከተለው ግድያ ገዳዮቹ ራሳቸው በቀረጹት ምስል ጭምር ታይቷል። ስደተኛው በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል ገብቶ፣ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፍሮ፣ እዚያም ከታጣቂዎች ጥቃት አላመለጠም። የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት አዲስ አበባ ነው፤ የኅብረቱ ማቋቋሚያ ሰነድ አንቀጽ 4 ዘር ማጥፋት ሲፈጸም ኅብረቱ በአባል ሀገር ውስጥ ጣልቃ የመግባት መብት እንዳለው ይናገራል፤ አንቀጹ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም። እንግዲህ የ1929 ነገር ተገልብጧል። ያኔ የሚሞተው አዲስ አበባ፣ የሚያውቀው ለንደን ነበር። ዛሬ የሚሞተው ዳርፉር ነው፤ የሚያውቀው ደግሞ ከእንጦጦ ሥር ያለው ከተማ ነው።

የዛሬው ነዳጅ የቱ እንደሆነም አይጠፋም። ሱዳን የተባበሩት ዐረብ ኢምሬትስ ፈጥኖ ደራሹን ታስታጥቃለች ብላ ከስሳለች፤ ኢምሬትስ ክሱን ታስተባብላለች፤ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ሥልጣን የለኝም ብሎ መዝገቡን ዘግቶታል፤ ስለ ፍሬ ነገሩ ያለው የለም። ኢትዮጵያ ከኢምሬትስ ጋር ያላት የኢኮኖሚ ትስስር የጠበቀ ነው። ስለዚህ «ለሱዳን ሰላም እንመኛለን» የሚል መግለጫ የሚጠይቅ ሰልፍ ማንንም አያስከፍልም፤ መግለጫው ዛሬውኑ ይሰጣል። የሚያስከፍለው ስለ ወዳጅ ሀገር የሚጠየቀው ነው።

ለመጀመር ታላቅ ሰልፍ አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። በአራት ኪሎ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ግንኙነትና የሰላም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የሚጻፍ ሲሆን፣ ሦስት ጥያቄ ይይዛል። መንግሥት ሰኔ 24 ቀን 1941 ባጸደቀው ስምምነት አንቀጽ 1 የገባውን የመከላከል ግዴታ ለመወጣት ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ስለ ዳርፉር ምን አደረገ? በአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ደኅንነት ምክር ቤት ፊት ምን አቋም ያዘ? ለተፋላሚዎቹ መሣሪያ ያቀርባሉ ከሚባሉ ወዳጆቹ ጋር ይህን አንሥቶ ያውቃልን? ጥያቄዎቹ በቀንና በሰነድ የተጻፉ ስለሆኑ፣ መልሱ በመልካም ምኞት ሊሸፈን አይችልም። መልስ ካልመጣም ዝምታው በራሱ ቀንና ፊርማ ያለው መዝገብ ይሆናል። የካቲት 12 በየዓመቱ በስድስት ኪሎ ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ወረቀቱ በዚያ ዕለት ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር ከሐውልቱ ማዶ ባለው ግቢ ያሉ ተማሪዎች ብቻ ሞልተው ይፈርሙታል።